ዝምተኛው የገጠመው ኮምፒውተር

በሰፈሩ መርፌ ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጡላት የእናቷ ደንበኞች ናቸው፤ ቅጥነቷን አይተው ነው የሚሉ አሉ፣ ምላሷን ቀምሰው ነው የሚሉም አሉ። እሷ ሁለቱንም አትክድም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ከእናቷ ጎን ልብስ ስትሰፋ ቆይታ፣ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ ኮሌጅ የሕንፃ ንድፍ እንድትማር ተቀበላት። ደስታው ሳይበርድ ሌላ ነገር ተከተለ፤ የዚህ ትምህርት ተማሪ ንድፍ የሚሠራበት የራሱ ኮምፒውተር ሊኖረው ግድ ነው ተባለ።

እናቷ ይህን ሰምታ ስፌቷን ቀጠለች። ጥቂት ቀናት ቆይቶ መርፌ ከገበያ ስትመለስ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎች አንዱ፣ ጠርዝ የሚዘመዝመው አዲሱ፣ ቦታው ላይ የለም። ወለሉ ላይ የእግሮቹ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«እማዬ፣ መኪናው የት ሄደ?»

«እኔ ያለኝ ሁለት እጅ ነው፤ ለሁለት እጅ አንድ መኪና ይበቃል» አለች እናት፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። ቀና ብላም አላየቻትም።

መርፌ የዚያን ዕለት ለራሷ ማለች። ይህ ገንዘብ የእናቷ ወገብ ነው፤ ማንም ነጋዴ አፉን አጣፍጦ አይወስደውም። ለመጠራጠር ደግሞ ከታላቅ ወንድሟ የተሻለ አስተማሪ አልነበራትም። ታክሲ ነጂ ነው፤ ሰው ሁሉ መርማሪ ይለዋል። ተሳፋሪ የሰጠውን የወረቀት ገንዘብ ወደ ፀሐይ አንስቶ ሳያይ ኪሱ አይከትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ነው ቀኑን የሚጀምረው።

የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። መርፌ ከጫፍ ጀምራ ገባች። ሁሉም መጀመሪያ የጠየቋት ስንት እንደያዘች ነበር። አንዱ መብራቱ የሚንቦገቦግ ሣጥን አሳይቶ ሊያስጎመጃት ሞከረ፤ ሌላው ጨዋታ የሚጫወቱ የሀብታም ልጆች የሚገዙትን ውድ የምስል ካርድ ካልገዛሽ ትምህርቱ አይሆንልሽም አላት። ወደ መጨረሻው፣ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነው ትልቁ ሱቅ ስትገባ ድካሟ ንዴት ሆኖ ነበር።

ከኋለኛው ጠረጴዛ የተቀመጠ ወጣት ካቻቢቴውን አስቀምጦ ቀና አለ።

«ምን ልትሠሪበት ነው?» አላት።

ይህን የጠየቃት እሱ ብቻ ነው። መርፌ የሕንፃ ንድፍ ልትማር መሆኑንና ገንዘቡ ከእናቷ የስፌት መኪና እንደመጣ ነገረችው።

የባለ ሱቁ አንድ ልጅ እሱ ነበር። አባቱ በዚያ መንገድ ላይ የማይታወቅ ሰው አይደለም፤ ከሱቁ በላይ ያለው ፎቅም የእሱ ነው። ልጁ ግን ኑሮው ከዕቃዎቹ ጋር ነው፤ ደንበኞች ዝምተኛው ይሉታል። ለመርፌ ግን ያን ቀን ብዙ ተናገረ። የተማሪ ንድፍ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጉልበት እንደማይጠይቅ፣ ምስል የማውጣት ችሎታው አብሮት የተሠራ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ከመረጠች ውዱን ካርድ ለጊዜው መተው እንደምትችል፣ ቆጥባ የተረፋትን ግን ራም በሚሉት የኮምፒውተሩ የሥራ ማስታወሻ ላይ እንድታውለው ነገራት። ስክሪኑ ያገለገለ ቢሆን ምንም አይደለም አለ። ዕቃዎቹን የሚይዘው ሣጥን፣ ኬዙም እንዲሁ፤ «ላሜራ ነው፤ አያስብም» አላት።

ማታ ይህን ለወንድሟ ስትነግረው መርማሪ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አትግዢ አለሽ? ሻጭ ሆኖ?»

«አዎ።»

«እህቴ፣ አትግዢ የሚል ሻጭ ወይ ሞኝ ነው ወይ ሌላ ነገር ፈልጓል። የዚያ ሰውዬ ልጅ ደግሞ ሞኝ ሊሆን አይችልም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።»

መርፌም ጠረጠረች። ተመልሳ ሄዳ ያንኑ ጥያቄ ገልብጣ ጠየቀችው፤ መልሱ አልተለወጠም። ሌላ ቀን ደግሞ የሰማችውን ሆን ብላ አዛብታ ነገረችው፤ በትዕግሥት አረማት። ሌሎች ሱቆች ሄዳ የነገራትን ዋጋ አመሳከረች፤ እሱ አልዋሸም። እንዲያም ሆኖ እግሯ ወደዚያ መስታወት በር መመላለሱን አላቆመም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጥላዋን እያየች ስትራመድ አንድ ነገር ገባት፤ የያዘችው ጥያቄ መልሱን የምታውቀው ነበር። በመንገድ ላይ ብቻዋን ሳለች ፊቷ ጋለ።

* * *

ምርጫው ሊያልቅ ሲል ዝምተኛው አንድ ከባድ ብረት ለበስ ሣጥን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ይህ ፓወር ሰፕላይ ነው። ከግድግዳው የመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ለሁሉም እንደየአቅሙ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሰው እዚህ ላይ ይቆጥባል፤ ስለማይታይ። ግን እሱ ከከዳ ሌላውን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። ያዢው፣ ይክበድሽ። ጥሩው ከባድ ነው።»

ሲያስጨብጣት ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም እጃቸውን ቶሎ አላነሱም። እሱ ሣጥኑን አየ፣ እሷ የአንገቱን ሥር አየች፤ እዚያ ያለው ደም ሥር ይመታል።

«አንተ ግን» አለች ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ እየመለሰች፣ «ለሁሉም ደንበኛ እንዲህ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ኮምፒውተሩ ተገጥሞ የሚያልቅበት ቀን መርማሪ በታክሲው ይዟት መጣ። መርፌ ከመኪናው ወርዳ ወደ በሩ ስትጠጋ በመስታወቱ ውስጥ አባትና ልጅ ተጠጋግተው ሲያወሩ አየች። ልጁ ዝቅ ብሎ አጥብቆ ይናገራል። አባቱ በእጁ ጠረጴዛውን አንዴ መታ አድርጎ አስቆመው። ከዚያ ሁለቱም እሷን አዩና ወሬው ተቆረጠ። ዝምተኛው ዓይኑን ሰበረ። ባለ ሱቁ ግን ከእግሯ እስከ ራሷ መዘናት፤ የስፌት ክር የተጣበቀበት ቀሚሷ ላይ ቆመ።

«ትንሽ ይጠብቁ። የመጨረሻውን እኔ ራሴ አያለሁ» አለና የተገጠመውን ኬዝ ይዞ ወደ ጓዳው ገባ።

ልጁ አልተከተለውም። ተቀብላ ስትወጣም «መልካም ትምህርት» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም፤ ሊያያትም አልደፈረ። ታክሲው ሲንቀሳቀስ መርማሪ በመስታወቱ አያት።

«ስለ አንቺ ነበር የሚያወሩት» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነበር?»

መርፌ ጭኗ ላይ ያለውን ሣጥን እቅፍ አደረገች። የገዛችው ዕቃ እቅፏ ውስጥ ሆኖ፣ የሆነ ነገር የተወሰደባት ያህል ደረቷ ባዶ ሆነ።

* * *

ትምህርት ተጀመረ። መርፌ የመጀመሪያ የቤት ሥራዋን፣ አንድ ትንሽ የሕፃናት ማቆያ ንድፍ፣ ልትጨርስ አንድ ግድግዳ ብቻ ሲቀራት ስክሪኑ ድርግም አለ። ከኬዙ ጀርባ ቀጭን ጭስ ወጣ፤ ክፍሉ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ታፈነ። እናቷ ከመኪናዋ ዘላ ተነስታ ሶኬቱን ነቀለችው።

ከዚያ መርማሪ፣ የሚናገረውን ሁሉም እያወቁት፣ ተናገረው።

«አላልኩሽም?»

መርፌ አልመለሰችለትም። ብሎኖቹን ፈታች፤ ፓወር ሰፕላዩን አወጣች። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ያው የመረጡት ነው። እጇ ላይ ስታስቀምጠው ግን ባዶ የእንቁላል ቅርፊት ያህል ቀለላት። ያን ቀን እጇን የጫናት ክብደት የለም። ጨርቅ በእጇ ይዛ ጥጡን ከሐሰተኛው የምትለይ ልጅ ናት፤ እጇ እንደማይዋሻት ታውቃለች።

በማግስቱ የመስታወቱን በር ገፍታ ገባች። ሱቁ ውስጥ ገዢዎች ነበሩ። ሣጥኑን ዝምተኛው ፊት አስቀመጠችው።

«አንሳው» አለችው።

አነሳው። ሲያነሳው ፊቱ ላይ ያየችውን መርፌ ረጅም ጊዜ ስታመነዥከው ኖረች። አልተገረመም። ደሙ ብቻ ከፊቱ ሸሸ፤ ዓይኑ በጓዳው በኩል ወዳለው የአባቱ ክፍል ሄዶ ተመለሰ።

«ይህን አንተ ነህ የገጠምክልኝ?»

ዝም አለ።

«የእናቴን መኪና ነው የሸጥነው። ነግሬህ ነበር። ይህን እያወቅህ ነው?»

«ተይኝ፣ ላጣራ» አለ በደከመ ድምፅ። «እባክሽ፣ ጊዜ ስጪኝ።»

«ምኑን ታጣራለህ? መልስ ያለው ሰው ጊዜ አይለምንም።» ጣቷን ሣጥኑ ላይ አኖረች። «ሌላው ሱቅ ቢያታልለኝ አይቆጨኝም፤ ሌባ ሌባ ነው። አንተ ግን እጄ ላይ አስቀምጠህ ይክበድሽ አልከኝ።»

አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። መርፌ ዝምታውን አየችና ፍርዷን ሰጠች። መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም፤ የሚያናድዳት መታለሏ ሳይሆን፣ እያለቀሰችም ስልኩ እስኪደወል መጠበቋ ነበር።

* * *

ስልኩ ተደወለ፤ አላነሳችም። ደጋግሞ ተደወለ፤ አጠፋችው። የቤት ሥራዋን በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በልብስ መሥሪያው ማስመሪያና እርሳስ፣ በወረቀት መሥራት ጀመረች። መምህሯ እንደማይቀበላት ታውቃለች። እናቷ አጠገቧ ጠርዝ በእጇ ትዘመዝማለች፤ ድሮ መኪናው በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን አሁን ከሰዓት ሙሉ ትለፋበታለች።

«ልጁ ሌባ ይመስልሻል?» አለች እናት ክሯን እየቋጠረች።

«ምን ይሁን ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ግን ሌባ ሲከሱት ይሳደባል፣ ይምላል። ይሄ ዝም አለ አልሽኝ።»

«ጥፋተኛም ዝም ይላል።»

«ይላል» አለች እናት። «ሌላ ሰው የሚሸፍንም ዝም ይላል።»

መርፌ እርሳሷን ጥላ ወደ ጓሮ ወጣች። እናቷ የተናገረችው ልቧ ሲለው የሰነበተውን ነበርና ፈራችው። ልቧን ከጠረጠረችው ሰው ሁሉ አብልጣ ትጠረጥረው ነበር።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ዝምተኛው ራሱ መጣ። በር ላይ መርማሪ ደረቱን ነፍቶ ቆመበት።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«ሦስታችሁንም» አለ። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል።

«አስገባው» አለች እናት ከውስጥ።

ገባ። ተቀመጥ ቢባልም አልተቀመጠም። መኪናው የቆመበትን ባዶ ቦታ አይቶ ለማን እንደሚናገር ግራ የገባው ይመስል ወደ መሬት አቀረቀረ።

«መጋዘን ገብቼ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አነሳኋቸው» አለ። «የቀለሉት ለብቻቸው ተደርድረዋል። ጽሑፋቸው ያው ነው፤ ውስጣቸው ሌላ። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለን እኔና አባቴ ብቻ ነን።»

እናት የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች።

«አባትህ ላይ ማላከክ ቀላል ነው» አለች መርፌ። ጭካኔዋ ለራሷም ተሰማት፤ ግን አላቆመችም። «እሱ እዚህ የለም። አይመልስልህም።»

«ልክ ነሽ» አለ። «ስለዚህ ነው የመጣሁት። ነይና እሱ ፊት ልናገረው። የምትጠረጥሪውን ሁሉ እዚያው ጠይቂው፣ እኔንም ጠይቂኝ።» ከዚያ፣ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። እኔም ከድሮ ጀምሮ ጠርጥሬው ነበር። ደንበኛ ሲመለስ፣ ዕቃ ሲቃጠል፣ አያለሁ። ሣጥኑን አንስቼ ማየት ብቻ ነበር የቀረኝ። አላነሳሁትም። አባቴ ነዋ።»

መርማሪ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የሚለው ተረት አጣ። መርፌ ሻርፏን ከወንበሩ ላይ አነሳች። ከንዴት ይሁን ከርኅራኄ ለራሷም ሳይታወቃት ቀድማው ወጣች።

* * *

ባለ ሱቁ መርፌና ልጁ ሲገቡ ካየ ጀምሮ ነገሩ ገብቶት ነበር። ሁለት ገዢዎች መደርደሪያ ሥር ቆመዋል። ዝምተኛው እንዲወጡ አልጠየቃቸውም።

«አባዬ፣ የዚህችን ልጅ ፓወር ሰፕላይ የቀየርከው አንተ ነህ?»

«ቤት እንነጋገራለን።»

«ቤት ብዙ ዝም ብለናል። እዚሁ ንገራት።»

ሰውየው ልጁን ትቶ ወደ መርፌ ዞረ። «ከጨርቅ ቁራጭ መሃል ተነስተሽ ልጄን ልትነጥቂኝ ነው አይደል? አንቺን ብሎ ያን ቀን እዚህ ቆሞ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ቤት ላምጣትና ተዋወቋት አለኝ። በዚህ ዕድሜው አንድም ነገር ለምኖኝ የማያውቅ ልጅ አንቺን ለመነኝ።»

መርፌ አሁን ገባት። በመስታወቱ ያየችው ሹክሹክታ፣ የተሰበረው ዓይን፣ ያ ሁሉ እሷ ሌብነት ብላ ስታብላላው የከረመችው፣ ስለ እሷ የተደረገ ልመና ነበር።

«እና ቀየርኩት» አለ ባለ ሱቁ። ንዴቱ ከጥንቃቄው ቀድሞ ነበር። «የቀለሉትን ለሌላው ገዢ ነው ያስቀመጥኩት፤ ለአንቺ ግን ሆን ብዬ ነው። ተቃጥሎ ትጣሉና ይበርዳል ብዬ። ይኸው፣ አልተሳሳትኩም፤ አምነሽው ነበር እንዴ?»

ቃሉ የወጋው ልጁን ሳይሆን እሷን ነበር። ሰውየው ሐሰተኛ ነው፤ በዚህ ግን እውነቱን ተናግሯል።

«አላመንኩትም ጋሼ» አለችው ቀስ ብላ። «በዚህ ከእርስዎ ያነሰ አልበደልኩትም።»

ከገዢዎቹ አንዱ የያዘውን ዕቃ መልሶ ደረደረና ወጣ። ዝምተኛው ከኪሱ የመጋዘኑን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ምንም አልጮኸም።

«ይህን ቤት በምን ያቆምኩት ይመስልሃል?» አለ አባት። ድምፁ ተሰበረ። «ለማን ብዬ ነው?»

«ለእኔ ብለህ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የከበደኝ።»

ወደ መጋዘኑ ገብቶ ከባዱን፣ እውነተኛውን ሣጥን ይዞ ወጣ። አባቱ እንዳያልፍ አልከለከለውም። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ በአንድ ጊዜ አርጅቶ ነበር። መርፌ ይህን ቀን ስትመኝ፣ አታላዩ ሲዋረድ ማየት ስትመኝ ሰንብታለች። ሲደርስ ግን የተሰማት ድል አልነበረም፤ አንድ አባት ልጁን ሲያጣ ቆሞ የማየት ኀፍረት ነበር።

* * *

ቤት ሲደርሱ እናትየው የጨርቅ መቁረጫውን ጠረጴዛ ጠርጋ ጠበቀቻቸው። መርማሪ አምፖሉን ዝቅ አድርጎ ያዘለት፤ ያለወትሮው አንድም ነገር አልመረመረም። ዝምተኛው የተቃጠለውን ነቅሎ አዲሱን ገጠመ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ አየ። ሌላው ዕቃ አብሮ ተቃጥሎ እንደሆን አላወቀም፤ እንደማያውቅም አልደበቀም።

«ከሞተ ሌላ እናገኛለን» አለ። «ጊዜ ይፈጃል እንጂ።»

ሲያበራው ስክሪኑ ለትንሽ ጊዜ ጨለማ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በራ። መርፌ ፋይሉን ከፈተች፤ ቀስ ብሎ ያልተጨረሰው የሕፃናት ማቆያ ንድፍ፣ ግድግዳ የጎደለው፣ ከፊታቸው ብቅ አለ። እናት «ተመስገን» አለችና ወደ ምድጃው ሄደች፤ ወንድ ልጇንም እንዲከተላት በዓይኗ ጠቀሰችው። መርማሪ በዚህ ዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅሻ ገባው።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ዝምተኛው ስክሪኑን ያያል፤ ግን አያየውም። ጉንጩ ላይ የወረደውን አልጠረገም።

«እኔ ነኝ እንድታጣው ያደረግኩህ» አለችው።

«አይደለሽም። ከድሮ ጀምሮ አጥቼው ነበር፤ ላለማየት ነበር የምደክመው።» ወደ እሷ ዞረ። «አሁንስ ታምኚኛለሽ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ለዚህ ሰው ግን ቀላሉን መስጠት አልፈለገችም።

«መጠርጠር በአንድ ቀን አይለቀኝም» አለች። «ነገም የሆነ ነገር አይቼ ልቤ ይደነግጥ ይሆናል። ግን ከእንግዲህ ስጠረጥርህ ስልክ አላጠፋም። ፊትህ ቁጭ ብዬ ነው የምጠይቅህ። አንተም ዝም አትበለኝ።»

«አልልሽም።»

«አሁን ራሱ ዝም ልትል ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ አይታው አታውቅም ነበር፤ ሳቁ ግን ለቅሶውን ሳይጨርስ የመጣ ነበርና መሃሉ ላይ ተሰበረ። መርፌ እጁን ያዘችው። በካቻቢቴ የሻከረ መዳፉ የመርፌ ጠባሳ ባለባቸው ጣቶቿ ውስጥ ገባ። ይህ ሰው ዛሬ ስለ እሷ ምን እንዳጣ እያሰበች፣ ሊገባት የማይችል ደስታና ልትሸከመው የማትችለው ሐዘን በአንድ ላይ ደረቷን ሞልተውት፣ ስክሪኑ ፊታቸውን እንዳበራው እጁን እንደያዘች ቆየች።